ለዓሣ ገንዳዬ ሰማያዊ የጨረቃ መብራት ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ?

ገንዳው_120
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእናንተን ጽሑፍ በዝምታ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

ገርጂ ነው የምኖረው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። 120 ሊትር ገንዳ አለኝ። ዓሦቹ ሁለት አንጅልፊሽ፣ አምስት ኮሪዶራስና ትንንሾቹ ኒዮኖች ናቸው፤ ከተክል ደግሞ ትንሽ ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ አለ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፤ ዋናው መብራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ነው የሚበራው። እኔ ደግሞ ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ቤት የምደርሰው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስኩበትን ገንዳ የማየት ዕድል ያላት እናቴ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ የምታየው ቴሌቪዥን ነው።

ስለዚህ የጨረቃ መብራት የሚሏቸውን ሰማያዊ ኤልኢዲዎች ላስገባ ብዬ ቅዳሜ መርካቶ ወጣሁ። 5 ሜትር ሰማያዊ ስትሪፕ (ኤልኢዲ የተደረደረበት ጥብጣብ)፣ 12 ቮልት፣ ከነአዳፕተሩ ገዛሁ። ሐሳቤ አንድ ሜትሩን በክዳኑ ርዝመት ለጥፌ ሌሊቱን ሙሉ እንዲበራ ማድረግ ነው። ዓሦቹን ይጎዳል? አልጌ ያመጣል? እናቴ ደግሞ "ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ፣ ልትፈጀን ነው" እያለች ነው። ለእሷ የምነግራት ነገር ስጡኝ።

በዚያው ሌላም ልጠይቅ። ከአራት ወር በፊት 14 ኒዮን ገዝቼ ነበር። አሁን 9 ናቸው። አንድም የሞተ ተንሳፎ አላገኘሁም። ውሃውን ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ምን ይሆን?

ጋሽ_ኮሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡42

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ።

ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን እርሳው። ዓሣ የዐይን ቆብ የለውም። አንተ መብራት ሲረብሽህ ብርድ ልብስህን ትከናነባለህ፤ እሱ ምን ይከናነብ? አሸዋው ላይ ጋደም ሲል፣ ወይ ውሃው መሃል ቀጥ ብሎ ሲቆም እንቅልፍ ላይ ነው። ለዚያ ጨለማ ያስፈልገዋል። በሰውም በዓሣም ሌሊት የሚመነጨውን የእንቅልፍ ሆርሞን፣ ሜላቶኒንን፣ መብራት ያፍነዋል፤ ሰማያዊው ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው።

ጥቅም የለውም ግን አልልም። ዋናው መብራት ድንገት ድርግም ሲል ዓሦች ይደነግጣሉ። ከመስታወት ጋር የሚላተሙ አይቻለሁ። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ከቀረላቸው ተረጋግተው የየራሳቸውን ቦታ ይይዛሉ። እኔ ዋናው ከጠፋ በኋላ ሰማያዊውን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የማቆየው። ከዚያ ድቅድቅ ጨለማ።

የቀኑም 10 ሰዓት በዝቷል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ከ8 ሰዓት በላይ አይጠይቁህም። ሁለቱን ሰዓት ለአልጌ ነው እየመገብክ ያለኸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቀኝም። የአየር ፓምፑን "ጮኸብኝ" ብለህ ሌሊት እንዳታጠፋ። በጨለማ ተክሎቹም ኦክስጅን ይወስዳሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ውሃ ሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ አገር ቪዲዮ እያዩ "እነሱ አጥፍተው ይተኛሉ" የሚሉ ልጆች ጠዋት ዓሣቸውን አፉን ከፍቶ ላይ ላይ ሲተነፍስ ያገኙታል።

ለመሆኑ አንጅልፊሾችህ ስንት ያህላሉ?

ሽቦ_ለሽቦ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

አንድ ሜትር? ስታዲየም ልታበራ ነው እንዴ?

ወንድሜ፣ ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሰማይ መሬት ላይ የምትጥለው ብርሃን ቢበዛ 0.3 ሉክስ ገደማ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። አንተ የገዛኸው ስትሪፕ አንድ ሜትሩ ገንዳህን የጭፈራ ቤት ነው የሚያደርገው።

የስትሪፑን ፊት ልብ ብለህ እይ። በየሦስት መብራቱ የመቀስ ምልክት አለ፤ እዚያ ላይ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ሦስት ኤልኢዲና አንድ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታው) ተያይዘው ነው 12 ቮልቱን የሚካፈሉት። በሜትር 60 መብራት ያለው ከሆነ አንዱ ቁራጭ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ120 ሊትር እሱ ይበቃሃል። አልቀለድኩም። እሱም ከበዛብህ 12 ቮልቱን ትተህ በ9 ቮልት አዳፕተር አብራው፤ በጣም ይደበዝዛል፣ ምንም አይበላሽም። ወይም ነጭ ወረቀት አጥፈህ ሸፍንበት።

ለእናትህ ደግሞ እንዲህ በላቸው። ውሃው አጠገብ የሚደርሰው 12 ቮልት ነው፤ እሱ ለሰው አያሰጋም። የሚያሰጋው 220 የሚገባበት አዳፕተሩ ነው። እሱን ገንዳው ሥር ወለል ላይ በተጣለ ማከፋፈያ አትሰካው። ከፍ ያለ ሶኬት ከሌለህ ማከፋፈያውን ግድግዳ ላይ ስቀለው። ሽቦው ደግሞ ከገንዳው ወርዶ፣ ከሶኬቱ በታች ጎበጥ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ሶኬቱ ይውጣ። ውሃ በሽቦው ላይ ቢወርድ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አዳፕተሩን ሰክተህ የሽቦውን ጫፍ ስትነካ የሚያንዘፈዝፍህ ከሆነ አትከራከር፣ ጣለው። ርካሽ አዳፕተር ውስጡ 220ውን ከ12ቱ በደንብ ላይለይ ይችላል። እጅህን ውሃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ሁሉንም ንቀል፤ ሂተሩንም ጭምር።

ሌላው እርጥበት ነው። ላዩ በሲሊኮን የተሸፈነ ስትሪፕ ከሆነ አይፒ65 ይሉታል፤ እሱ ደህና ነው። እርቃኑን ያለው አይፒ20 ነው፤ ክዳን ሥር ዝጎ ይሞትብሃል። ቆርጠህ የከፈትከውን ጫፍ በሲሊኮን ድፈነው። ናስትሮ ብቻ አይበቃም፤ እርጥበት ሙጫውን ያላቅቀዋል። ሲሊኮኑም ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ አለበት፣ እሱ ለዓሣ መርዝ ነው።

ብርቱካን_ጋፒ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ከባሕር ዳር ነኝ። እኔ ያንተን ሐሳብ አድርጌው ስለማውቅ ልናገር።

ጋፒዎች ነው የማረባው። እንግዳ ሲመጣ እንዲያምር ብዬ ሰማያዊውን ለአራት ወር ሌትና ቀን ለቀቅኩት። እንግዶቹ ወደዱት። ጋፒዎቼ ግን ፊልተሩ ጀርባ ባለችው ጥላ መከማቸት ጀመሩ። ቀን ቀን ደግሞ ፈዘዙ። መብራቱ ፊት ለፊት ያለው መስታወት ላይ አረንጓዴ ነገር እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ በሳምንት ሁለቴ በአሮጌ መታወቂያ እፍቀው ነበር። (መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አትሳቁ።)

ከዚያ የማታውን ወደ ሁለት ሰዓት፣ የቀኑን ወደ ስምንት ሰዓት አወረድኩት። በወሩ መስታወቱ ጠራ። ሁለቱን በአንድ ቀን ስለቀየርኩ ለአልጌው ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። ጋፒዎቹ ከፊልተሩ ጀርባ የወጡት ግን በሦስተኛው ቀን ነው። ያ የማታው ሥራ ነው።

ሽቦ_ለሽቦ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡51

@ብርቱካን_ጋፒ ሁለቱም ነው እህቴ። "ሰማያዊ ብርሃን አልጌ አያበቅልም" የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ክሎሮፊል አጥብቆ የሚይዘው ሰማያዊውንና ቀዩን ነው። አረንጓዴውን ነው ብዙም የማይፈልገው፣ ለዚህም ነው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን። ሦስት ደብዛዛ ኤልኢዲ ለሁለት ሰዓት ግን ለአልጌ ቁርስም አይሆነውም።

ዝም_በል_አንብብ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ይህ ጥያቄ እዚህ መቶ ጊዜ ተጠይቋል። መፈለጊያው ላይ ጻፉ እንጂ ሰዎች።

ብርቱካን_ጋፒ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡03

መቶ አንደኛውን ማንበብ አልተገደድክም ወንድሜ። ሻይህን ጠጣ።

የጨረቃ_እረኛ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ ጥያቄ አለኝ። ጨረቃ ሰማያዊ ናት ያላችሁ ማነው?

ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው፤ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ልጅ ሆኜ በጨረቃ ብርሃን ከብት ፈልጌያለሁ፣ ውሃ ቀድቻለሁ፣ ኳስ ተጫውቻለሁ። ነጭ ናት። ስትወጣ ደግሞ እንደ ብርቱካን ትቀላለች። ሰማያዊ ሆና ያየኋት እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ፊልም ላይ ነው። እዚህ ያሉ የዓሣ ዕቃ መደብሮች ሲሸጡትም "የጨረቃ ብርሃን" ብለው ሰማያዊ ይሰጡሃል። በጨረቃ የሄደበትን ሌሊት የረሳ ሰው ነው የሚገዛው።

ሽቦ_ለሽቦ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

@የጨረቃ_እረኛ ትክክል ነህ። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ነው ግራጫ ድንጋይ ላይ አንጥራ የምትልክልን። ተለክቶ ሲታይም ከፀሐይ ብርሃን ትንሽ ወደ ቀይ ያደላል እንጂ ወደ ሰማያዊ አያደላም። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ዐይናችን ነው። ብርሃን ሲያንስ ቀለም የሚለዩት የዐይን ሴሎች ሥራ ያቆሙና ሌሎቹ ይረከባሉ። እነሱ ቀለም አያውቁም፤ ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነው ነገር ግን ከቀዩ ይልቅ ደመቅ ብሎ ይታያቸዋል። ፑርኪንዬ የሚባል የቼክ ሐኪም ነው ይህን ያስተዋለው። የፊልም ሰዎች ከዚህ ተነስተው ሌሊትን ሰማያዊ ቀቡት፣ የዓሣ ዕቃ ነጋዴ ደግሞ ከፊልም ወሰደ።

ከርዕስ ልውጣና፣ ሰማያዊ ኤልኢዲ ራሱ ተአምር ነው። ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነበረ። ደማቅ ሰማያዊ ለመሥራት ግን ሰው ሌላ 30 ዓመት ፈጀበት። የሠሩት ሦስት ጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ነጩ አምፖላችን እንኳ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ ዱቄት የተቀባበት ነው። እና እኛ 5 ሜትሩን ጠቅልለን መርካቶ መሬት ላይ እንሸጠዋለን።

ጋሽ_ኮሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እረኛው እውነት ብሏል። የኒዮንን አገር ካነሳን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኒዮን የአማዞን ገባሮች ልጅ ነው። ብዙዎቹ ጅረቶች በበሰበሰ ቅጠል እንደ ሻይ የጠቆሩ ናቸው፤ ሰማያዊውን ብርሃን የሚውጠው ያ ሻይ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ብርሃን ለኒዮን "አገር ቤት" አይደለም። ለእኛ ነው የሚያምረው። ይህን ካመንን በኋላ ብናበራ ግን ኃጢአት የለበትም፤ ገንዳውን መጀመሪያ ያስገባነውም ለራሳችን ነው።

ሪፍ_ከዱባይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡18

የጨው ውሃ ሰዎችን አትርሱን እንጂ! እኛ ዘንድ ሰማያዊው ጌጥ ብቻ አይደለም።

ባሕር ውስጥ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ቀዩ ቶሎ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ይቀራል። ኮራል (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ) የለመደው እሱን ነው። 450 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ስታበራለት አረንጓዴና ብርቱካንማ ሆኖ ያበራል። አፍህን ከፍተህ ነው የምታየው። ጨረቃዋም ለኮራል የቀን መቁጠሪያ ናት። አውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ ብዙ ዓይነት ኮራሎች በዓመት አንዴ፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ፣ አንድ ላይ እንቁላላቸውን ይለቃሉ። ለንደን ያለው ሆርኒማን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመረው ሥራ ይህንን ገንዳ ውስጥ ማድረግ ችሏል፤ የሙቀቱን ወቅትና የጨረቃዋን መሙላትና መጉደል በኮምፒውተር እያስመሰሉ።

የእኔም መቆጣጠሪያ 29 ቀን ተኩሉን ይቆጥራል። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ይደምቃል፣ ስትጠፋ ይጠፋል። ኮራሌ ግን እስካሁን ምንም አልወለደም። ባለቤቴ "የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ነው የሚወልደው" ትለኛለች።

ገንዳው_120
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡35

ተገጠመ! አንድ ቁራጭ፣ ሦስት መብራት፣ 9 ቮልት። ሽቦው ጎበጥ ብሎ ወጥቷል፣ ጫፉ በሲሊኮን ተደፍኗል። እናቴ "ውሃው በሽቦው ላይ ቢመጣ እዚህ ይወድቃል" ብዬ ሳሳያት ትንሽ ለሰስ አለች።

ግን ስሙኝ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ዲጂታል ታይመር ገዝቼ ከማታ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብዬ 2፡00 እና 4፡00 ሞላሁት። ማታ ተቀምጬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ምንም። ተበላሽቷል ብዬ ተኛሁ። ለካ ታይመሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው! ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቦግ። እናቴ ለጸሎት ስትነሳ ሳሎኑ ሰማያዊ ሆኖ አገኘችው። "በስመ አብ" ስትል ነው እኔ የነቃሁት። አሁን 20፡00 እና 22፡00 ብዬዋለሁ፤ የጠዋቱንም 4 ሰዓት 10፡00 ብዬ አስተካክያለሁ።

ሌላ ደግሞ። ያኔ ሌሊት ደንግጬ በስልኬ ባትሪ ገንዳውን ሳየው ኒዮኖቹ ቀለማቸው ጠፍቷል። ያ የሚያበራው መስመር ደብዝዞ ወይን ጠጅ መስሏል። በሽታ ነው? ለዚህ ይሆን የሚጠፉት?

ጋሽ_ኮሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እናትህን ይቅርታ ጠይቅልን።

ኒዮኖቹ ምንም አልሆኑም። በጨለማ ያ መስመር ይደበዝዛል፣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ጠዋት መብራት ሲበራ ቀስ እያለ ይመለሳል። በሰማያዊው ሥር ደግሞ ቀዩ ግማሽ ጎናቸው ጥቁር መስሎ ይታይሃል፤ ቀይ ነገር የሚያንጸባርቀው ቀይ ብርሃን ከሌለ ምን ያሳይህ። ሁለቱንም እንዳትደነግጥባቸው።

ዲጂታል መግዛትህ መልካም ነው። ያ በየ15 ደቂቃው ጥርስ ያለው የሚሽከረከረው ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። እኔ አንድ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀኑና ሌሊቱ ተገላብጦ አግኝቼዋለሁ። ዲጂታሉ ግን ውስጡ ትንሽ ባትሪ ስላለው ሰዓቱን አይስትም።

የአንጅልፊሾቹን መጠን አልነገርከኝም።

ቡና_ከዓሣ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡45

እኔም ልሠራ ነው፣ ግን ስትሪፕ የለኝም። ነጠላ ሰማያዊ ኤልኢዲዎች ነው ያሉኝ፣ እነዚያ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑት። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ በፓወር ባንክ ብሰካውስ?

ሽቦ_ለሽቦ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

ይቻላል። ሰማያዊ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ ሙሉ ሲበራ 20 ሚሊ አምፔር። ሦስቱን ብታያይዛቸው 9.6 ቮልት። ከ12 ላይ 2.4 ይቀራል። 2.4ን ለ0.02 ስታካፍለው 120 ኦም ሬዚስተር ነው። ያ ግን ሙሉ ድምቀት ነው፣ አንተ ደግሞ ደብዛዛ ነው የምትፈልገው። 1,000 ኦም አድርግበት፤ ወደ 2.4 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፣ ለገንዳ ደስ ይላል።

ማስተካከል ከፈለግህ ከአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያውን ፈትተህ መሃል አስገባው። 10 ኪሎ ኦም ከሆነ በጣም ጥሩ። ግን አንድ ቋሚ ሬዚስተርም አብሮት ይኑር፤ ያለዚያ እስከ ጫፍ ስታዞረው ኤልኢዲውን ታቃጥለዋለህ።

በፓወር ባንክ 5 ቮልት ስለሆነ አንዱን ኤልኢዲ ብቻውን ከሬዚስተር ጋር ነው የምታበራው። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኤሌክትሪክ ሲያንስባቸው "ስልኩ ሞልቷል" ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ያንተ ጥቂት ሚሊ አምፔር ለእነሱ ምንም ነው። ደግሞም መብራት ሲጠፋ የሚያስፈልገው ጨረቃ አይደለም፣ አየር ነው። ፓወር ባንክህን በ5 ቮልት ለሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀምጥለት።

ገንዳው_120
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡30

ተገኘ። ሌባው ተገኘ።

ትናንት ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገባሁ። ራት በላሁ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር፣ ወንበሬን ስቤ ገንዳው ፊት ተቀመጥኩ። ደስ ይል ነበር፤ ኮሪዎቹ ከተኙበት ወጥተው አሸዋውን ሲፈትሹ እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። ቀን ቀን አንድ ላይ የሚሄዱት ኒዮኖች ተበታትነው እየብቻቸው ቆመዋል። አንዱ ጃቫ ፈርኑ አጠገብ ነበር፣ ንቅንቅ አይልም።

ትልቁ አንጅልፊሽ መጣ። ቀን እንደ ንግሥት ቀስ ብሎ የሚንሸራሸረው እሱ ነው። ኒዮኑ ፊት ቆመ። ለደቂቃ ያህል ምንም አላደረገም፣ እኔ ራሱ "ይተያያሉ" ብዬ ፈገግ ብያለሁ። ከዚያ ኒዮኑ የለም። ምንም ግርግር የለም፣ ውሃውም አልተናጠም። ጭራው ብቻ ለአፍታ ከአፉ ወጥታ ታየችኝ።

አሁን 8 ናቸው። ጋሽ ኮሪ፣ ሁለቴ ሲጠይቁኝ ያልመለስኩት ስላልገባኝ ነው። ስገዛቸው የአምሳ ሳንቲም ያህል ነበሩ። አሁን ትልቁ መዳፌን ያህላል።

ብርቱካን_ጋፒ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡41

ወይኔ!

ግን ልጠይቅ፤ መብራቱ አይደለም ወይ ያስበላው? በጨለማ ባያየው ኖሮ?

ሽቦ_ለሽቦ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡50

አምስቱ የተበሉት ስትሪፑ መርካቶ እያለ ነው። መብራቱ ምስክር ነው እንጂ ተባባሪ አይደለም።

ጋሽ_ኮሪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡15

ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ልክ ናችሁ።

አንጅልፊሽ ሲያዩት ጌጥ ነው፤ ያም ሆኖ ትንሽ ዓሣ በልቶ የሚያድር አዳኝ ነው። አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ምግብ ነው የሚለው። የሚመቸው ሰዓት ደግሞ ምሽትና ንጋት፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል ነው። ኒዮኖች አንድ ላይ የሚሄዱት እየተያዩ ነው፤ ሲጨልም ይበታተናሉ፣ ይደነዝዛሉ። እስካሁን አምስቱን የበላው ዋናው መብራት ሲጠፋ ከሳሎን በሚመጣው ብርሃን፣ ወይም ጠዋት መስኮቱ ሲነጋ ይሆናል። አሁን ግን ልጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ የራት መብራት አብርተህለታል። ሽቦ፣ ምስክርም ቢሆን ሻማ የያዘ ምስክር ነው።

መፍትሔው መብራቱን ማጥፋት አይደለም። አንጅልፊሾቹን ከኒዮን ጋር አታስቀምጥ። ሌላ ገንዳ ከሌለህ ለሚያሳድግ ሰው ስጥ። እስከዚያ ድረስ ሰማያዊውን ተወው፣ ከዋናው መብራት ጋር አብሮ ጨለማ ይሁን። የሳሎኑንም መጋረጃ ዝጋ።

ሪፍ_ከዱባይ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡40

ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ያሉ አሣ አጥማጆች ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል። ዳጋ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ የሚያጠምዱት ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው፣ በጀልባ ላይ ፋኖስ አብርተው። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ፋኖሱ ዋጋ የለውም፤ ዓሣው አይሰበሰብም። ከታች ሆኖ የሚያድናትም ትልቁ ዓሣ ወደ ብርሃኑ ይመጣል። ያንተ ሳሎን ውስጥ ያ ነው የሆነው።

የጨረቃ_እረኛ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኛ ጋ ጅብ ነበር እንደዚያ የሚያደርገው። በደብዛዛ ብርሃን ፊትህ ይቆማል። አንተም "ይተያያሉ" ትላለህ።

ገንዳው_120
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡25

ዜና ልስጣችሁ። አንጅልፊሾቹን ትልቅ ገንዳ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ወሰዳቸው። 400 ሊትር ነው፣ ትንሽ ዓሣ የለውም። እናቴ ትልቁን ስትሸኘው አዘነች፤ ኒዮኖቹን እንደበላ ስነግራት "ታዲያ ርቦት ነዋ" አለች።

ኒዮኖቹ 8 ነበሩ፣ ዛሬም 8 ናቸው። በየማታው እቆጥራለሁ። የቀኑ መብራት አሁን ከቀኑ 6 ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ ሰማያዊው ከማታ 2 እስከ 4። ኮሪዎቹ ሰዓቱን ለምደውታል፣ ልክ ሰማያዊው ሲበራ ይወጣሉ። ወረቀት አጥፌበታለሁ፣ ሽቦ እንዳልከው፤ አሁን ገንዳው ውስጥ ያለውን ለማየት ዐይኔ አምስት ደቂቃ መልመድ አለበት። እንደዚያ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። እናቴም ተከታታይ ድራማዋ ሲያልቅ መጥታ ትቀመጣለች። ትናንት "ያቺ ሁልጊዜ ብቻዋን የምትሆነው ምን ሆና ነው?" አለችኝ። ስም ሳታወጣላት አትቀርም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፤ 5 ሜትር ገዝቼ የተጠቀምኩት 5 ሳንቲ ሜትር ነው። 4 ሜትር ከ95ቱን ምን ላድርገው?

ሽቦ_ለሽቦ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡31

ገንዳ ላይ ብቻ እንዳትጨምረው እንጂ የፈለግከውን አድርገው።

ገንዳው_120
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡15

ቢሾፍቱ ያለው የአጎቴ ልጅ ወሰደው። ባጃጅ አለው። ዙሪያውን፣ ጣሪያውን፣ የእግር መርገጫውን ሳይቀር አልብሶታል። ፎቶ ላከልኝ፤ ከነዓሣው መስሏል።